ፊዚክስ ሲያስቸግር ማንን ልጠይቅ? እንዴትስ ልጠይቅ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ፊዚክስ ናቸው። የሚድ ሰሞን ስለሆነ አልገረመኝም። እኔም ፊዚክስ ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለዚሁ ለቅቄዋለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አምስቱን መርጫለሁ። ስም አንጠቅስም።

«ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ፍሬሽማን ነኝ፣ ናቹራል። ወርክሺት ላይ አንድ ጥያቄ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። 40 ኪሎግራም የሆነ ሣጥን ወለል ላይ አለ፣ በገመድ በ200 ኒውተን ይጎተታል፣ ገመዱ ከወለሉ በ30 ዲግሪ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው። የኪኔቲክ ፍሪክሽኑ ኮኤፊሸንት 0.3 ነው። አክስለሬሽኑን (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን) ፈልግ ይላል። እኔ 1.39 አገኘሁ፣ መልሱ ግን 2.14 ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስጠይቅ አንዱ ልጅ የተሠራውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ገለበጥኩት። አሁንም የት ጋ እንደተሳሳትኩ አላውቅም። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምሆነው። ምን ላድርግ?» — የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ጅማ

ወንድሜ፣ ያንተን መልስም ትክክለኛውንም ስለጻፍክልኝ ወረቀትህን ሳላይ ስህተትህን አገኘሁት። እንዴት መሰለህ? 1.39ን በ40 ሳባዛው 55.6 ኒውተን ገደማ ይመጣል። ገመዱ ወደ ፊት የሚስበው 200 ሲባዛ በኮሳይን 30፣ ማለትም 173.2 ነው። ከዚህ ላይ 55.6 እንዲቀር በፍሪክሽን (በወለሉ ሰበቃ) 117.6 መቀነስ አለበት። 117.6 ደግሞ 392 ሲባዛ በ0.3 ነው። 392 ከየት መጣ? 40 ሲባዛ በ9.8፣ በመሬት ስበት። አየህ፣ ኖርማል ፎርሱን (ወለሉ ሣጥኑን ደግፎ የሚይዝበትን ኃይል) ከሣጥኑ ክብደት ጋር እኩል አድርገኸዋል። ሌላው በሙሉ ልክ ነው። ኮሳይኑን አልሳትክም፣ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ አልሳትክም፣ ስሌቱንም አልሳትክም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያስቀመጠችህ አንዲት መስመር ናት።

እስቲ መስመሯን እንያት። እህል የሞላ ኩንታል ጎትተህ ታውቃለህ? ገመዱን መሬት ለመሬት ከሳብከው ይከብዳል። ገመዱን ትከሻህ ላይ አድርገህ ሽቅብ ስትስበው ግን ኩንታሉ በአፉ በኩል ብድግ ይላል፣ መሬቱን የሚጫነው ይቀንሳል፣ ይቀልሃል። ያንተም ሣጥን እንደዚያው ነው። ገመዱ ወደ ፊት ብቻ አይደለም የሚስበው፣ ወደ ላይም ያነሳል። ምን ያህል? 200 ሲባዛ በሳይን 30፣ ልክ 100 ኒውተን። የሣጥኑ ክብደት 392 ኒውተን ነው፣ 100ውን ገመዱ ያዘለት፣ ስለዚህ ወለሉ የሚሸከመው 292 ብቻ ነው። ኖርማል ፎርስ ማለት ይኸው ነው፣ ወለሉ የተሸከመው። ፍሪክሽኑ 292 ሲባዛ በ0.3፣ 87.6 ይሆናል። 173.2 ሲቀነስ 87.6፣ 85.6። ለ40 አካፍለው፣ 2.14።

«ኖርማል ፎርስ እኩል ይሆናል ኤም ጂ» (ማስ ሲባዛ በስበት፣ ማለትም ክብደቱ) የሚለውን ብዙዎቻችሁ እንደ ፎርሙላ ሸምድዳችሁታል። ፎርሙላ አይደለም። ወለሉ አግድም ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚያነሳ ወይ ወደ ታች የሚጫን ሌላ ነገር ሳይኖር፣ ዕቃውም ሽቅብ ቁልቁል ሳይፋጠን ብቻ ነው የሚሠራው። በሚፋጠን ሊፍት ውስጥ አይሠራም፣ ዳገት ላይ አይሠራም፣ የተንጋደደ ገመድ ሲመጣ አይሠራም። ፈተና ላይ ደግሞ የሚመጡት እነዚሁ ናቸው።

መድኃኒቱ ስዕል ነው። ሣጥኑን ለብቻው በነጥብ ሣለው። ከዚያ ምን ምን እንደሚነካው ቁጠር፦ ወለሉ ይነካዋል፣ ገመዱ ይነካዋል። ሳይነካው የሚስበው መሬት ብቻ ነው፣ በስበቱ። ለእያንዳንዱ ቀስት አውጣለት፤ ወለሉ ሁለት ቀስት ነው ያለው፣ አንዱ ወደ ላይ ኖርማሉ፣ አንዱ ወደ ኋላ ፍሪክሽኑ። ፍሪ ቦዲ ዳያግራም የሚባለው ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ተማሪ ግን ጊዜ ማባከን ይመስለውና ዘሎት በቀጥታ ፎርሙላ ፍለጋ ይገባል። ስዕሉን ሠርተህ ቢሆን የገመዱ ቀስት ወደ ላይ ዘንበል ማለቱን በዓይንህ ታየው ነበር።

ስለ ቴሌግራሙ ደግሞ፣ ልጁ ክፉ አላደረገብህም፣ ሊረዳህ ነው። ግን ፎቶው የሱን መንገድ ነው ያሳየህ፣ ያንተ መንገድ የት ጋ እንደተሰበረ አላሳየህም። በሚቀጥለው ጊዜ «ጥያቄ 7ን የሠራ አለ?» ብለህ አትጻፍ። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ኖርማሉን 392 ብዬ ሠርቼ 1.39 መጣልኝ፣ መልሱ 2.14 ነው፣ ኖርማሉ ልክ ነው ወይ?» ይህን ያነበበ ሰው በአንድ መስመር ይመልስልሃል፣ ያቺ አንድ መስመር ደግሞ ከሙሉ ገጽ ፎቶ ትበልጥብሃለች።

አሁን የገባህ መሆኑን ለማረጋገጥ ይህን ሥራ። ያው ሣጥን፣ ያው 200 ኒውተን፣ ያው ወለል። ግን ገመድ የለም፣ ሰውየው ከኋላ ሆኖ በ30 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሎ ይገፋዋል። ግሩፑ ላይ አትለጥፈው፣ ራስህ ሞክረው። መልሱ 0.64 ነው። ለምን ያን ያህል እንደቀነሰ በቃልህ ማስረዳት ከቻልክ ይህ ምዕራፍ ያንተ ነው።

«ዶርም ውስጥ ፊዚክስ የሚገባት እሷ ናት ይሉኛል። ፈተና ሲደርስ ከሌላ ብሎክ ሳይቀር ይመጣሉ። እሠራላቸዋለሁ፣ ‹ገባን› ብለው ይሄዳሉ። ባለፈው ግን ሁለት የቅርብ ጓደኞቼ በጣም ዝቅተኛ ውጤት አመጡ። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ አለቀስኩ። ለራሴም ማጥኛ ጊዜ አጣሁ። እምቢ እንዳልል ደግሞ ያሳዝኑኛል።» — ፍሬሽማን፣ ጎንደር

እህቴ፣ ጥፋትሽ አይደለም። ልብሽ ደግ ነው፣ የሚቀየረው የምትረጂበት መንገድ ነው።

እናትሽ እንጀራ ስትጋግር ስንት ዓመት አየሽ? መጀመሪያ ቀን ራስሽ ምጣዱ ፊት ስትቆሚስ ሊጡ እንዴት ሆነብሽ? ፊዚክስም እንደዚያው ነው። ሰው ሲሠራ ማየት የገባን ያስመስላል። እያንዳንዱ መስመር ልክ መሆኑ ይታያል፣ ቀጥሎ የትኛው መስመር እንደሚመጣ መወሰን ግን ሌላ ሙያ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚለመደው ራስ ሲሠሩት ብቻ ነው። ጓደኞችሽ «ገባን» ሲሉ አልዋሹሽም፣ እውነት የገባቸው መስሏቸው ነው።

ይህ በእናንተ ዶርም ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ኤሪክ ማዙር የሚባል የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር አለ። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብሎ ያምን ነበር፣ ተማሪዎቹም ይወዱታል። ከዚያ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ቀላል የሚመስሉ፣ ስሌት የሌላቸው ጥያቄዎች ሲያቀርብላቸው ብዙዎቹ ተሳሳቱ። ከባዱን ሒሳብ የሚሠሩ ልጆች ናቸው! ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ አካሄዱን ለወጠ። ጥያቄ ይሰጣቸዋል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይመልሳል፣ ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር እንዲከራከር ያደርጋል። የሚደንቀው ነገር አንድን ነገር በቅርቡ የተረዳ ተማሪ ከፕሮፌሰሩ በተሻለ ለጓደኛው ማስረዳቱ ነው፤ ምክንያቱም የት ጋ እንደሚያደናግር ገና አልረሳውም። አንቺም ያለሽ ሀብት ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ፦ እስኪብርቶውን አትያዢ። እነሱ ይያዙት። «ጥያቄው ምንድነው የሚለው? በራስሽ አነጋገር ንገሪኝ» በያት። «ሣዪልኝ» በያት። ስትሳሳት ቶሎ አትናገሪ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ ብዙ ጊዜ ራሷ ትይዘዋለች። ካልያዘችው ቀስቱን አሳይተሽ «ይሄን የሚስበው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ላይ ያኮርፋሉ፣ በአንድ ሰዓት አሥር ጥያቄ የለመዱት ሦስት ብቻ ሲሠሩ ጊዜው የባከነ ይመስላቸዋል። ታገሺያቸው።

ለራስሽ ጊዜ ደግሞ ሰዓት ወስኚ። «ማታ ከሁለት እስከ ሦስት፣ የሞከራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ» በያቸው። ባዶ እጁን የመጣ ሄዶ ሞክሮ ይምጣ። ይህ ጭካኔ አይደለም። የፈተናው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚመጣው ግን በሩን አትክፈቺ፣ አንቺም ትፈተኛለሽ።

«አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ስልሳ ተማሪ አለ። ቲቸሩ ‹ጥያቄ አለ?› ሲል እጄ አይነሳም፣ ወንዶቹ ይስቃሉ። እንግሊዝኛውም ያስቸግረኛል። ሒሳቡን እችላለሁ፣ ጥያቄውን አንብቤ ግን ምን እንደተባልኩ አይገባኝም። ቤታችን ኢንተርኔት የለም፣ አልፎ አልፎ ነው ካርድ የምሞላው።» — ደሴ

እህቴ፣ ሒሳቡን እችላለሁ ካልሽ ከባዱን አልፈሻል። የቀረሽ ቋንቋ ነው፣ እሱም ሙሉ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ጥቂት ቃላት ናቸው። የፊዚክስ ጥያቄ ጸሐፊዎች አንድ ቃል ጣል አድርገው አንድ ቁጥር ይሰጡሻል፣ ያንን ያላወቀ ሰው «መረጃ ጎደለኝ» ብሎ ይቀመጣል።

«ስሙዝ ሰርፌስ» ካለ ፍሪክሽን የለም ማለቱ ነው። «ላይት ስትሪንግ» ካለ የገመዱን ማስ አትቁጠሪ። «ስታርትስ ፍሮም ረስት» ካለ መነሻ ቬሎሲቲ ዜሮ ነው፣ ቁጥሩን ሰጥቶሻል። «ኮንስታንት ቬሎሲቲ» ትልቁ ነው፦ አክስለሬሽን ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚስቡት ኃይሎች እኩል ናቸው። ብዙ ልጅ ዕቃው እየሄደ ስለሆነ ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል መብለጥ አለበት ብሎ እዚህ ጋ ይወድቃል። «ጀስት አባውት ቱ ስሊፕ» ካለ ዕቃው ገና አልተንሸራተተም፣ ስታቲክ ፍሪክሽኑ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ትንሽ ደብተር ግዢና እንደዚህ ያለ ቃል ባጋጠመሽ ቁጥር ጻፊው፣ አጠገቡ ደግሞ በአማርኛ ምን እንደሚሰጥሽ። ጥያቄ ከመሥራትሽ በፊት በአማርኛ በሁለት መስመር ገልብጪው፦ «መኪና ቆማ ነበር፣ ተነሳች፣ ፍጥነቷን በእኩል እየጨመረች በ8 ሰከንድ 20 ሜትር በሰከንድ ደረሰች፣ ስንት ሜትር ሄደች?» እንዲህ ስትጽፊው ግማሹ ይፈታል። (80 ሜትር ነው፣ ሞክሪው።) አክስለሬሽን በአማርኛ ሽምጠጣ ይባላል፣ ፍሪክሽን ደግሞ ሰበቃ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁለቱንም እወቂ፣ ስታስቢ ግን በሚቀልሽ አስቢ።

እጅ ስለማንሳቱ፣ በስልሳ ሰው ፊት መጠየቅ ግዴታሽ አይደለም። ደወል ሲደወል ቲቸሩ ጠመኔውን አራግፎ ሲወጣ ደብተርሽን ከፍተሽ ጠጋ በይ። ግን «ምንም አልገባኝም» አትበይ፣ እሱን ስትይ መምህሩ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። «ቲቸር፣ ጥያቄ 4 ላይ ክብደቱን ለምን በሳይን እንዳባዙት አልገባኝም» በይ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ በማስተማር ዘመኔ በዚህ ዓይነት ጥያቄ የተናደድኩበት ቀን የለም፣ እንዲያውም ቀኔ ብሩህ ይሆን ነበር፣ የማስተምረው ነገር የሆነ ሰው ጋ እንደደረሰ የማውቀው በዚያ ነው። የሳቁት ልጆች ደግሞ ግማሾቹ እነሱም አልገባቸውም።

ካርድ የሞላሽ ቀን ሁለት ነገር አውርጂ። አንደኛው ፌት (PhET) የሚባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነጻ ሲሙሌሽን ነው። የእ.ኤ.አ. 2001 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ካርል ዋይማን በእ.ኤ.አ. 2002 የጀመረው ነው። ሣጥን ትገፊበታለሽ፣ ፍሪክሽን ትጨምሪበታለሽ፣ ቀስቶቹ ሲያድጉና ሲያጥሩ በዓይንሽ ታያለሽ። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁለተኛው የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስ ያዘጋጃቸው የፊዚክስ መጻሕፍት ናቸው፣ ፒዲኤፋቸው በነጻ ይወርዳል፣ ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ምሳሌዎች አሏቸው። ምሳሌዎቹን ስታነቢ መልሱን በወረቀት ሸፍነሽ አንድ አንድ መስመር እየገለጥሽ ሂጂ።

«ቻትጂፒቲን መጠየቅ ኩረጃ ነው?» — አዲስ አበባ

አሳይመንቱን ሠርቶልህ ገልብጠህ ካስገባህ አዎ፣ ኩረጃ ነው። ሌሊት አስተማሪ በሌለበት ሰዓት የት እንደተሳሳትክ ብትጠይቀው ግን አይደለም። እንዲህ በለው፦ «መልሱን አትንገረኝ። እኔ እንዲህ ሠራሁ፣ የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ አሳየኝ።» አንድ ነገር ልብ በል። ሲሳሳትም ልክ እንደሆነ ሆኖ ነው የሚናገረው። ምልክት ያገላብጣል፣ ያልተሰጠ ቁጥር ይጨምራል፣ ስዕል ሲሆን ደግሞ አንዳንዴ አንግሉን በሌላ በኩል ያነበዋል። ስለዚህ የሰጠህን በዩኒት አረጋግጥ። ርቀት ተጠይቀህ የመጣው መልስ ኒውተን ከሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። የሰው ፍጥነት ጠይቀህ 300 ሜትር በሰከንድ ከመጣም እንደዚያው።

«ልጄ እዚህ አሜሪካ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፣ ኤፒ ፊዚክስ 1 የሚባለውን የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ይወስዳል። ውጤቱ ወርዶበታል፣ ማታ ማታ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ሳየው አንጀቴ ይበላል። ልረዳው ስጠጋ ‹ማሚ አንቺ አታውቂውም› ይለኛል። እውነቱን ነው፣ እኔ ፊዚክስ ከተማርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አስጠኚ እንዳልቀጥር በሰዓት የሚጠይቁት ገንዘብ ከባድ ነው።» — ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ፊዚክስ ሳያውቁም ሊረዱት ይችላሉ፣ ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር። ብዙ የአሜሪካ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በላይብረሪ ካርድ ብቻ ነጻ የኦንላይን አስጠኚ ያገናኛሉ፣ አቅራቢያዎ ያለውን ገብተው ይጠይቁ። የትምህርት ቤቱም አስተማሪ ከክፍል በኋላ ወይም በምሳ ሰዓት ተማሪ የሚያይበት ጊዜ ይኖረዋል፣ ብዙ የሐበሻ ልጆች ግን አስተማሪ ማስቸገር መስሏቸው አይሄዱም። እዚያ አገር መሄድ የጉብዝና ምልክት ነው። ልጅዎ በኢሜይል ቀጠሮ ይያዝ፣ የተሳሳተበትን የፈተና ወረቀት ይዞ ይሂድ።

ኤፒ ፊዚክስ 1 ካልኩለስ የለውም፣ ፈተናው ላይ የፎርሙላ ወረቀት አብሮ ይሰጣል፣ ካልኩሌተርም ይፈቀዳል። ስለዚህ ፎርሙላ ሲሸመድድ ካዩት ያስቁሙት። የሚፈለግበት ማስረዳት ነው፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ በጽሑፍ የሚጠይቁ ጥያቄዎች አሉት።

እዚህ ላይ ነው እርስዎ የሚገቡት። ቡና ሲያፈሉ ወይም ከእራት በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጥና በአማርኛ ያስረዳዎት። በእንግሊዝኛ ከሆነ «ኔት ፎርስ» (የኃይሎቹ ጠቅላላ ድምር) ብሎ ያልፍዎታል፣ በአማርኛ ግን ቃሉን ፈልጎ ማሰብ ይኖርበታል። አማርኛው ቢሰባበርም ግድ የለም፣ እጁን ያወዛውዝ፣ ይሣል። እርስዎ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይያዙ፦ «ይህን ዕቃ ምን ምን ይነካዋል?» እና «እያንዳንዱ ወደየት ይገፋዋል?»

በመኪናም ሊጀምሩት ይችላሉ። ፍሬን ሲይዙ «ወደ ፊት የሚገፋህ ምንድነው?» ይበሉት። ብዙ ልጅ አንድ ኃይል አለ ይላል። «እሺ፣ አሁን የነካህ ምንድነው?» ይበሉት። ወንበሩን ይቆጥራል፣ ወለሉን ይቆጥራል፣ ቀበቶውን ይቆጥራል። ከነዚህ ውስጥ ወደ ፊት የሚገፋው አንድም አያገኝም፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀበቶ እንኳ የሚይዘው ወደ ኋላ ነው። እስኪደርስበት ድረስ አይንገሩት፣ ቤት እስክትገቡ ጊዜ አለው።